ቆርኪ የጎደለበት ወንዝ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ለወጉ ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ። ያ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ተቀባሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ግማሹን ለጎረቤት ሰጥተሽ ግማሹን «ለክፉ ቀን» ብለሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽው? እማዬስ ጤናዋ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስዳታል? ዛሬም ሬዲዮ እየሰማች ዜና አንባቢውን ትሳደባለች? ጋሼ ባለቤትሽስ ደህና ነው? ያቺ ካልተገፋሁ አልነሳም የምትለው መኪናው አሁንም ሰፈሩን ሁሉ ታስገፋለች? ልጆቹስ? ጭራሮዬ ትንሽ ሥጋ አወጣች ወይስ ንፋስ እንዳይወስዳት በእጇ ይዘሻት ነው የምትሄጂው? እናንተ ሁላችሁ ደህና ከሆናችሁ እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ጤናዬን ማለቴ ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ያ ጥርሴም ትቶኛል። የቀረውን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ እያልኩ ነው ይህን ያህል የዘገየሁት። «ጠፋ» ብለሽ ተቀይመሽኝ እንደሆነ እውነትሽን ነው። ግን ጠፍቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ ትምህርት ቤታችን ተመሰገነ፣ ሰርተፊኬት ተሰጠን፣ ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ ብዬ ጥርሴን ገልፍጬ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬልሽ ነበር። አንቺም ለልብስ ሰፊው፣ ለባለ ወፍጮው፣ ለአክስታችን፣ መንገድ ላይ ላገኘሽው ሁሉ «የወንድሜ ስም ባሕር ማዶ ተጠራ» ብለሽ እንዳወራሽ ጻፍሽልኝ። ያንን ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው ይባላል፤ ቢሆንም መመለሱን ልሞክር። እታለም፣ ያ ሰርተፊኬት የተገኘው በውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቹንም ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ። በዚህ ውሸት የተነሣ አንዲት ያን ጊዜ አይቻት የማላውቅ ሴት ከእንጀራዋ ተፈናቅላ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፤ አሁን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

በዓመቱ መጀመሪያ ዳይሬክተሩ እኔንና የቋንቋ መምህርቷን ቢሮው ጠርቶ፣ ከሌላ አገር ትምህርት ቤት ጋር ተጣምረናል፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ዓርብ ዓርብ በላፕቶፕ እየተያዩ አብረው ይማራሉ አለን። ትምህርቱ ስለ ዘላቂነት ነው። የዛሬ ሰው ውሃውን፣ መሬቱን፣ አየሩን ሲጠቀም የነገውን ሰው ድርሻ እንዳይበላበት ማለት ነው። ሳይንስ የማስተምር እኔ ስለሆንኩ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። የቋንቋ መምህርቷ ልታስተረጉም አብራኝ ተመደበች። እሷን እኛ አስተማሪዎቹ በሌለችበት «ምላጭ» ነው የምንላት፤ አንዴ ከተናገረችሽ ወዲያ ጸጉር ያለሽ አይመስልሽም። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ የሰማ ሰው አልነበረም።

የዚያኛው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ልጅ በስብከት አይማርም ብላ የሁለቱን ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ጨዋታ አስፈጠረቻቸው። እኛም ዘንድ እነሱም ዘንድ አንድ ዓይነት ትልቅ ካርቶን አለ። መሀሉ ላይ ሰማያዊ ወንዝ ተስሏል፤ በአንዱ ዳር የእኛ ትምህርት ቤት፣ በሌላው ዳር የእነሱ። ዓርብ ሲመጣ ሁለታችንም የሳምንቱን ቆሻሻ በሚዛን እንመዝናለን። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጥቁር የተቀባ ቆርኪ ወንዙ ላይ ይቀመጣል፤ ካለፈው ሳምንት የቀነሰ ደግሞ የቀነሰውን ያህል ቆርኪ ያነሣል። ወንዙ ከሞላ ሁለቱም ወገን ተሸነፈ፣ ከጠራ ሁለቱም አሸነፈ። ጨዋታው ይኸው ነው። ልጆቹ በአንድ ቀን ገባቸው።

እኔ ግን አልገባኝም። አስተማሪው ነኝ እኮ አልገባኝም የምልሽ! ለእኔ ጨዋታ ማለት አንዱ ሲስቅ አንዱ የሚያለቅስበት ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ካስቀመጡ፣ ሚዛንም ካመጡ፣ «ማን በለጠ» ሊባል ነው አልኩ በሆዴ። ደግሞ የውጭ ሰው ፊት! የቤታችንን ነገር ታውቂው የለ። እንግዳ መጣ ከተባለ መሬቱ ይጠረጋል፣ የተቀዳደደው ብርድ ልብስ፣ የተሰበረው ባልዲ፣ ያልታጠበው ልብስ ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ ደግሞ እግሬን አንጠልጥዬ አልጋው ላይ እንድቀመጥ ይደረጋል፣ መጋረጃ መሆኔ ነው። እንግዳው «እንዴት ያለ ንጹህ ቤት ነው!» እያለ ሲሄድ ግማሽ ቤታችን እኔ እግር ሥር ታፍኖ ይስቅ ነበር። ጥፋቴን በአንቺ ላላክክ ብዬ አይደለም። አንቺ ማንንም አልጎዳሽም፤ ገመና መሸፈንሽ ነበር። እኔ ግን ያንኑ ይዤ የማይሆን ቦታ ሄድኩበት።

የመጀመሪያው ዓርብ ልጆቹ የግቢውን ቆሻሻ ሰብስበው ከሰንደቁ ሥር ከመሩት። ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የጭማቂ ጠርሙስ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪፕቶ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ አንድ ባለቤቱ ያልታወቀ የእግር ጫማ። ክምሩን ሳየው አፈርኩ። ምላጭ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በቃ እኛ ይህ ነን፣ አንሱና መዝኑ አለች። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ልጆቹን ጠርቼ፣ እንግዳ ሊያየን ነው፣ አብዛኛውን በጆንያ አድርጋችሁ የተሰባበሩ ዴስኮች ያሉበት ስቶር ውስጥ አስገቡት አልኳቸው። ልጅ መቼም መደበቅ ይወዳል። እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ አስገቡት። አንዷ ብቻ ጆንያ አልያዘችም። በማንኛውም ጨዋታ ሰው መሥመር ከረገጠ ጨዋታውን የምታስቆም ልጅ ስለሆነች «ዳኛዋ» ነው የሚሏት። ቲቸር፣ ወንዙ የጋራ ከሆነ የደበቅነው ወዴት ይገባል አለችኝ። አንቺ ደግሞ ጥያቄ አታብዢ፣ ቁጭ በይ አልኳት። ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም ነበር።

ላፕቶፑ ፊት የመዘንነው አንዲት ከረጢት ነው። በእኛ በኩል ወንዙ ላይ የተቀመጠው ቆርኪ ጥቂት ነበር። የእነሱ ቆሻሻ በብዙ ዙር ተመዘነ። ያቺ ባለ ሽበት መምህርት ፊቷ ቀልቶ፣ አፍረናል፣ እንደ እናንተ ለመሆን እንሞክራለን አለች። እኔስ ምን ብላት ጥሩ ነው? አጽናናኋት! አይዟችሁ፣ ቀስ በቀስ ትለምዱታላችሁ አልኳት። ምላጭ ያንን ስታስተረጉም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት አድርጋችሁ ነው ብለው ጠየቁን። የዋሸ ሰው ሁለተኛ ውሸት አያጣም። ልጆቻችን ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ፣ በየራሳቸው ኩባያ ከቧንቧ ይጠጣሉ፣ በበራችን ላይ በፌስታል የታሰረ ነገር የሚሸጥ ቸርቻሪ አናስጠጋም አልኩ። ይህን ስናገር ከአጥሩ ውጪ ቸርቻሪዎቹ «ብስኩት! ኦቾሎኒ!» ይሉ ነበር። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። እታለም፣ በገዛ እጄ ነው የዘጋሁት።

እንዲህ እያልን ቆየን። ስቶሩ ሞላ፣ የእኛ ስም ገነነ። ጥምረቱን የሚያስተባብረው ቢሮ ሰርተፊኬት ላከ። ዳይሬክተሩ በትልቅ ክፈፍ አድርጎ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው። እኔም ፎቶውን ለአንቺ ላክሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይኸም አለ። ሰው ሲያሞግሰኝ ቆይቶ ጭራሽ እውነት መስሎኝ ነበር።

በእነሱ በኩል ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ከፊት የሚቀመጥ ልጅ አለ። የእነሱን ቆርኪ የሚያስቀምጠውና የሚያነሣው እሱ ነው። ፀጥ ያለ፣ ቆርኪውን ሲያስቀምጥ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ የሚጠነቀቅ ልጅ። አንድ ዓርብ በእነሱም በኩል ወንዙ ጠራ ብሎ ታየ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህርቷም ምን እንደተለወጠ ተራ በተራ ተናገሩ አለቻቸው። የዚያ ልጅ ተራ ሲደርስ እንዲህ አለ። እናቴ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ብስኩትና ኦቾሎኒ ትሸጥ ነበር። ዳይሬክተራችን ስለ እናንተ ትምህርት ቤት ሲሰማ፣ እነሱ ከቻሉ እኛ ለምን አንችልም ብሎ ቸርቻሪዎቹን በሙሉ አስነሣ። አሁን እናቴ መኪና ተራ ያለው ገበያ ድረስ ሄዳ ትሸጣለች። ስለሚርቅ ቤት ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ ለታናሽ እህቴ ምግብ የማሞቅላትም እኔ ነኝ። ግን ወንዙ ስለጠራ ጥሩ ነው። እናቴም ገበያው ይሻላል ብላኛለች።

ምላጭ ይህን ስታስተረጉም ድምጿ ተንቀጠቀጠ። የእኛ ልጆች ማጨብጨብ ስለለመዱ አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እኔ ማድረግ ነበረብኝ? በማን እጅ ነው ያደግሁት? ኦቾሎኒ በአሮጌ ወረቀት እየጠቀለልሽ በትምህርት ቤቴ በር ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀብሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ? የለበስኩት ዩኒፎርም፣ የጻፍኩበት እርሳስ የኦቾሎኒ አይደለም? ያ ዘበኛ ቅርጫትሽን በእግሩ ገፍቶ ያባረረሽ ቀን ቤት ገብተሽ፣ እየሳቅሽ፣ «ገበያው ይሻላል» አላልሽም? ቃል በቃል እኮ ነው ልጁ የተናገረው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲሉ ስሰማ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን መስታወት ባየሁ ቁጥር አውቀዋለሁ።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። እውነቱን ልናገር አልኩ። እሱ በሩን ዘጋና፣ ተው፣ ገመናችንን አደባባይ አታውጣ፤ ሴትዮዋን ያባረርናት እኛ አይደለንም፣ የራሳቸው ዳይሬክተር ነው፤ ነገር አታብርድ አታሙቅ፣ ይለፍ አለኝ። የተናደድኩበት መስሎሽ ይሆናል። አልተናደድኩም፤ ቀለለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው። ትእዛዝ ነው፣ ምን ላድርግ አልኩና ዓርብ ሲመጣ ያችኑ ትንሽ ከረጢት ደግሜ መዘንኩ። ልጁ ቦርሳውን አቅፎ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ላለማየት የሚዛኑን ቁጥር ሳነብ ዋልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ እኔ በልቼ ያቺ ሴት ተመታች፣ እኔ ደግሞ ቁጥር አነባለሁ።

ኋላ ወደ ልቤ የመለሰኝ የራሴ ድፍረት እንዳይመስልሽ። ልጆቹ ናቸው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከቢሮ ስወጣ ከዛፉ ሥር ተኮልኩለው፣ አፈር ላይ ወንዝ ሠርተው በቆርኪ ይጫወታሉ። ቆም ብዬ አየሁ። አንዱ ተራው ሲደርስ ቆርኪዎቹን ከጭኑ ሥር ወሽቆ «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁና ቆርኪው ሳይቆጠርበት አለፈ። ቀጣዩም እንዲሁ አደረገ። እኔን የጠሩኝ መስሎኝ አቤት ልል ነበር! ለካ የጨዋታው ሕግ ነው። ከጭንህ ሥር ደብቀህ ሰው ሳያይህ «ቲቸር» ካልክ አይቆጠርብህም። ያጭበረበረ ሰው ስም አውጥተውለታል፤ ስሙም እኔ ነኝ። ክፋት የላቸውም እኮ፣ ሲያዩኝም አልደነገጡም፤ «ቲቸር ይጫወታሉ?» ነው ያሉኝ። ዳኛዋ ብቻ ራቅ ብላ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስለ ወንዝ ሳስተምር የተማሩት ይህንን ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሰው እንዳያየኝ።

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩን አላስፈቀድኩም። መጀመሪያ ክፍል ገብቼ ለልጆቹ፣ ያዘዝኳችሁ ስህተት ነው፣ ዳኛዋ የጠየቀችኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፣ ቁጭ በይ ማለቴ ነውር ነው አልኳቸው። ልጅቷ ወደ ታች አየች እንጂ አልሳቀችም። ዓርብ ላይ ላፕቶፑን ተሸክሜ፣ ምላጭ አጠገቤ፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ስቶሩ በር ላይ ቆምን። በሩን ስከፍተው የላይኛው ጆንያ እላዬ ላይ ወደቀ፤ ጠረኑ ያፍናል። ይህ ነው የእኛ ቆሻሻ፣ የነገርኳችሁ ሁሉ ሐሰት ነው፣ በራችን ላይም ቸርቻሪዎች አሉ፣ ልጆቹ በእኔ ትእዛዝ ነው ያደረጉት አልኩ። አንድ ከኋላ የቆመ ልጅ፣ እኔም ተሸክሜያለሁ አለ። ሌላው እኔም አለ። ዝም በሉ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ሁሉም እኔም፣ እኔም አሉ። ምላጭ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመች።

በዚያ በኩል የተናገረው ያ ባለ ቦርሳው ልጅ ነው። ታዲያ እናቴ የሄደችው በከንቱ ነው አለኝ። ልጆች ሲጠይቁኝ ብዙ ማስረዳት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን «አዎ» አልኩት። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተነሥቶ ወጣ። ባዶ ወንበሩን እያየን ቀረን።

የደረሰብኝ ነገር አይግረምሽ። ዳይሬክተሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ ክፈፉ ወርዶ ግድግዳው ላይ ምልክቱ ቀርቷል። በሚመጣው ዓመት ጥምረቱ ይቀጥል አይቀጥል ቢሮው ገና አልወሰነም። ልጆቹ የስቶሩን ሁሉ መዝነው ቆርኪውን ሲያስቀምጡ ወንዙ ሞልቶ ካርቶኑ ዳር ድረስ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም ተሸነፍን። የሚገርምሽ፣ እንደገና እንጀምር ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ዳኛዋም በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ አንድ ሕግ ይጨመር አለች። ሰው ተባርሮ የቀነሰ ቆሻሻ አልቀነሰም፤ ቆርኪው ወደ ወንዙ ይመለስ። በዚያም በኩል ተስማሙ። እኔ በዚህ መሀል ካርቶኑን ይዤ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ ያቺ ሴት፣ የልጁ እናት፣ ራሷ ላፕቶፑ ፊት መጣች። ዳይሬክተራቸው አስጠርቶ ወደ ቦታዋ መልሷታል። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። በእድሜ አንቺን ታህላለች፤ አለባበሷ የሥራ ልብስ ነው፣ ከበሩ ተነሥታ ነው የመጣችው። እኔ ይቅርታዬን ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት፤ ገና ስጀምረው እጇን አነሣች። በእነሱ ቋንቋ አንተና አንቱ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ምላጭ ግን «አንተ» ብላ ነው ያስተረጎመችልኝ፣ ደግ አደረገች። አስተማሪው አንተ ነህ አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ በሩ ተከፍቶልኛል፣ ተመልሻለሁ፤ ልጆቹ ግን አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉኛል። ያ የምትሸጠው ቆሻሻ ነው ተብለው ተምረዋል፤ ልጄም ከእነሱ ጋር በበሩ ማለፍ ትቶ በጓሮ ይገባል። ይቅርታህን ቅርጫቴ ውስጥ አድርጌ ልሽጠው? አስተማሪ ከሆንክ ያስተማርካቸውን አንተው አስለቅቅልኝ። ይህን ተናግራ ደንበኛ ይጠብቀኛል ብላ ተነሣች።

እታለም፣ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። በሚመጣው ዓርብ ለእነዚያ ልጆች እንድናገር ተፈቅዶልኛል፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር ብጠየቅ እስኪመሽ አወራለሁ። በር ላይ ስለ ተቀመጠች ሴት ግን የማውቀው የለም፤ ኦቾሎኒሽን በላሁ እንጂ አንቺን አልጠየቅኩም። ልጆች ሲያልፉሽ ምን ይሉሽ ነበር? የትኛው ቃል ነው ያቆሰለሽ? የትኛውስ ልጅ ደስ አሰኘሽ፣ ምን ስላለሽ? ይህ ደብዳቤ በሰው እጅ ቶሎ ይደርስሻል፤ መልስሽ ግን እስከ ዓርብ በደብዳቤ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለጭራሮ ንገሪያት፣ በስልክ ትንገረኝ። አንቺ ያልሽውን እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ካፈርሽበት ስምሽን አልጠራም።

ለእማዬ እጇን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ይህን ስታነቢላት ስድቧን ከዜና አንባቢው ላይ አንሥታ እኔ ላይ ብታደርገው ተገቢ ነው። ለጋሼ ሰላም በይልኝ፤ መኪናዋን የምገፋበት ቀን ናፍቆኛል። ለትልቁ ልጅሽ፣ አጎትህ ዋሽቶ ተይዟል ብለሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ለጭራሮዬ በሁለት ጉንጮቿ ሳሚልኝ፣ ስልክ ስትደውል ድምጿን ከፍ ታድርግ። ለአክስታችን ሰላምታዬን አቅርቢ። ለልብስ ሰፊውና ለባለ ወፍጮውም ሰላም በይልኝ፤ ከሰላምታዬ ቀጥለሽ የወንድሜ ስም የተጠራው በውሸት ነው በያቸው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለ ወፍጮው እንደሚስቅብሽም አውቃለሁ፤ ይሳቅ።

ለአንቺ የማቀርበው ሰላምታ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። ያን ቀን ቅርጫትሽ ተደፍቶ ቤት ገብተሽ ገበያው ይሻላል ስትይኝ አምኜሽ፣ ደስ ብሎኝ፣ ወጥቼ ስጫወት ዋልኩ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ይሻል ነበር?

ያፈረብሽ ሳይሆን በራሱ ያፈረው ታናሽ ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ግንቦት 11 ቀን፣ ሰኞ